ፍላሽ አላነብ ላለህ ወንድሜ፣ ፎርማት አታስደርግ

"ዴስክቶፔ ፍላሽም ከውጭ የሚሰካ ሃርድ ዲስክም አያነብም፣ ማውስና ኪቦርዱ ግን ይሠራሉ፤ ፎርማት ላስደርገው?" ላልከው ወንድሜ፦ በፍጹም! እኔን ያቃጠለኝ ይኸው ነው።

1. ማውስህ የተሰካው ከኋላ፣ ፍላሹን የምትሰካው ከፊት ነው አይደል? ማውሱን ንቀልና ፍላሹን እሱ ቦታ ሰካው። ካነበበ ዊንዶውስህም ፍላሽህም ደህና ናቸው። የኋላዎቹ የዩኤስቢ መሰኪያዎች ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየዱ ናቸው፤ የፊቶቹ ግን ኬዙ ውስጥ በኬብል ነው የሚገናኙት። ጣጣው ያለው እዚያ ነው።

2. ኮምፒውተሩን አጥፋ፣ የመብራት ገመዱን ንቀል፣ ከዚያ ኬዙን ክፈትና ያንን ኬብል እየው። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያለኝ፣ ደንበኛ ሁሉ ፍላሽ ይዞ ነው የሚመጣው። አንድ እሑድ ኬዙን ከፍቼ አቧራ አራገፍኩ፤ ሰኞ ጠዋት የፊቶቹ አንድም ፍላሽ አላነብ አሉ። ጥገና ቤት ወስጄ "ትናንት ከፍቼው ነበር" ብል ልጁ "ሥራዬን አታስተምረኝ" አለኝ። ሳይጠይቀኝ ፎርማት አደረገው። ዴስክቶፑ ላይ የሁለት ዓመት ሥራ ነበር፦ የደንበኞች ሲቪ፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቁ ሒሳብ። ሁሉም ሄደ። ፍላሹ ግን አሁንም አያነብም! ያኔ "ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር" አለ። የፎርማቱን ከፍዬ ይዤው ወጣሁ። ለመመረቅ ሁለት ሳምንት የቀራት ልጅ ፊቴ ቆማ ስታለቅስ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ማታ ራሴ ከፈትኩት። የኬብሉ ጫፍ ከማዘርቦርዱ ላይ ግማሹ ወልቋል። ገፋ አድርጌ አስገባሁት፣ አነበበ። በቃ! ከዚያ ወዲህ የሰፈሩን ኮምፒውተር የማየው እኔ ነኝ፣ አንድም ሰው ፋይል አልጠፋበትም። አንተም ስታስገባው አታስገድደው፤ የኬብሉ መሰኪያ የድሮው ዩኤስቢ 2.0 ከሆነ 9፣ አዲሱ 3.0 ከሆነ 19 መርፌ አለው፣ አንዱ ከታጠፈ ሌላ ጣጣ ነው።

3. ሃርድ ዲስኩን ሁልጊዜ ከኋላ ሰካው። ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር ኃይል ነው፣ 3.0 ደግሞ 900። ኃይል ካነሰው መብራቱ ይበራል፣ ዲስኩ ግን አይነሳም። ተነስቶም ማይ ኮምፒውተር ውስጥ ካልታየህ ስታርትን በቀኝ ክሊክ አድርገህ ዲስክ ማኔጅመንት ግባ፤ እንደ E: ያለ መለያ ፊደል ሳይሰጠው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ፎርማት ላድርገው ብሎ ከጠየቀህ ካንስል በለው፣ ፋይልህ እዚያው ሊኖር ይችላል።