ጥያቄና መልስ፦ በላሰርታ (እንሽላሊት) የኮከብ ስብስብ ያለችውን ሰማያዊ ኮከብ፣ 10 ላሰርታን፣ ሰማይ ላይ መለየት

ጀማሪ፦ የት ናት? ትናንሽ ኮከቦች በዝተውብኝ ጠፋችብኝ።

መልስ፦ በፔጋሰስ የኮከብ ስብስብ አራት ኮከቦች ከሚሠሩት ታላቅ አራት ማዕዘን የሰሜን ምዕራቡን ጥግ፣ ሺት የምትባለውን ኮከብ፣ ያዝ። ከሺት በ5 ዲግሪ ወደ ሰሜን ምዕራብ ማታር የምትባል ኮከብ አለች። ክንድህን ስትዘረጋ ጡጫህ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ከማታር ወደ ሰሜን ከአንድ ጡጫ ትንሽ ያነሰ ሂድ። የ10 ላሰርታ ድምቀት በኮከብ መለኪያ 4.9 ነው (ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል)። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ከእሷ በስተሰሜን 1 ዲግሪ ያህል አለፍ ብሎ 12 ላሰርታ አለች፣ እሷም ሰማያዊ። ደመቅ የምትለዋ ያንተ ናት። ስልክህን አጥፋ፤ ዓይን ጨለማ እስኪለምድ 30 ደቂቃ ይፈልጋል።

ንስር ዓይን፦ ሰማያዊ ናት ከተባለ ለምን ነጭ ትመስለኛለች?

መልስ፦ በጨለማ የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ቀለም አይለዩም። የ50 ሚሊሜትር ቢኖኩላር 7 ሚሊሜትር ከተከፈተ ብሌን 50 እጥፍ ገደማ ብርሃን ይሰበስባል፤ ያኔ ቀለሟ ይወጣል። ፎከሱን ጥቂት አዛባው፣ ነጥቧ ስትሰፋ ይበልጥ ይለያል። ከአድማስ አጠገብ ግን አትሞክር፤ አየሩ ሰማያዊውን ይበትነዋል።

ባለ ቴሌስኮፕ፦ እኔ በባዶ ዓይን ሰማያዊ ሆና ነው የማያት።

ንስር ዓይን፦ ስለተነገረህ ነው።

ባለ ቴሌስኮፕ፦ በኦርዮን ያለችው ሰማያዊዋ ሪጌልስ? የእሷን ቀለም ማንም ያያል።

ንስር ዓይን፦ ሪጌል ከ10 ላሰርታ 80 እጥፍ ገደማ ትደምቃለች፤ ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ሪጌልን ለሌላ ቀን።

ጀማሪ፦ የ10 ላሰርታ ሙቀት ከቀለሟ ይታወቃል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ መጣ። አይታወቅም! በ35,000 ኬልቪን ገደማ ብርሃኗ የሚበረታው 83 ናኖሜትር አካባቢ፣ ዓይን በማያየው አልትራቫዮሌት ውስጥ ነው። ዓይናችን የሚደርሰው የጨረሩ ጭራ ብቻ ስለሆነ የ20,000 ኬልቪኗም የ35,000ዋም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ይመስላሉ። በመካከል አቧራ ካለ ደግሞ ቀለሟ ወደ ቀይ ያዘነብላል። የሚለያቸው ስፔክትረም፣ ማለትም በየቀለሙ የተዘረጋ ብርሃናቸው፣ ነው፦ 454.1 ናኖሜትር ላይ አንድ ኤሌክትሮን ያጣ ሂሊየም መስመር ከታየ የኦ ክፍል፣ ማለትም እጅግ ከሞቁት ኮከቦች ወገን፣ ናት። በ10 ላሰርታ ይታያል፣ ግን 447.1 ላይ ካለው ኤሌክትሮን ያላጣ ሂሊየም መስመር ይደክማል፤ ኦ9 ያሰኛት ይህ ነው። 12 ላሰርታ ቀዝቀዝ ያለች የቢ ክፍል ናት።

ሌላ አባል፦ የ10 ላሰርታ ዕድሜስ?

መልስ፦ በሚሊዮኖች እንጂ በቢሊዮኖች አይቆጠርም።

ጀማሪ፦ አሁንም አላገኘኋትም።

መልስ፦ ስልክህ ከጠፋ ስንት ደቂቃ ሆነው?

ጀማሪ፦ ይህን የምጽፈው በስልኬ ነው።