መስቀለኛ ቃላት እንደገና ለምን ተወደደ? የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ማርቆስ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በወጣትነታችን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጋዜጣ እጃችን ሲገባ ከዜናው አስቀድመን የምንገልጠው መስቀለኛ ቃላት ያለበትን ገጽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው የተረሳ መስሎኝ ሳለ፣ አሁን የልጅ ልጆቼ በስልካቸው ሲሞሉ፣ በቡና ቤትም ወጣቶች አንድ ወረቀት ላይ አጎንብሰው ሲከራከሩ አያለሁ። ጨዋታው ከየት መጣ? እንደገናስ ለምን ተወደደ? በአማርኛ እንደ እንግሊዝኛው ሰፋ ብሎ ሊዘጋጅ ይችላልን?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ዛሬ የምናውቀውን ጨዋታ የጀመረው በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል የተወለደው ጋዜጠኛ አርተር ዊን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሥራው ዲሴምበር 21 ቀን 1913 እ.ኤ.አ. «ኒው ዮርክ ወርልድ» በተባለው ጋዜጣ ላይ ወጣ። በ1924 በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ሲሸጥ አሜሪካን አጥለቀለቀ። በዚያ ዘመን ጊዜ ማባከኛ ነው ብሎ የነቀፈው «ኒው ዮርክ ታይምስ» ራሱ፣ አገሪቱ ጦርነት ውስጥ በገባች ማግሥት፣ በፌብሩዋሪ 1942 የራሱን ማተም ጀመረ።

ለአሁኑ መመለስ ስልክ ትልቅ ድርሻ አለው። ይኸው ጋዜጣ በ2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ሣጥን ወርድና በአምስት ሣጥን ቁመት የምታልቅ አነስተኛ ጨዋታ በስልክ አቀረበ፤ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ሰው ቤቱ ሲቀመጥ ፈላጊው በዛ፤ በ2021 መጨረሻ ደግሞ የጨዋታው የቅርብ ዘመድ የሆነው፣ የተሰወረ ቃል የሚገመትበት «ዎርድል» ዓለምን አዳርሶ፣ ቃል መፈለግን የማያውቅ ወጣት ሁሉ እንዲሞክረው አደረገ። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። በስልክ የምናየው አብዛኛው ነገር ማለቂያ የለውም፤ ጣታችን እስኪደክም ይወርዳል። መስቀለኛ ቃላት ግን ያልቃል፤ የመጨረሻው ሣጥን ሲሞላ ሥራው ተፈጸመ፣ ሰውም ቀና ይላል። ሁለት ሰው ተካፍሎ ሊሠራው መቻሉም ቀላል ነገር አይደለም፤ እርስዎ በቡና ቤት ያዩት ክርክር የጨዋታው ግማሽ ጣዕም ነው።

በአማርኛ ይቻላልን ላሉት መልሴ አዎን ነው፤ ነገር ግን የእንግሊዝኛውን መልክ እንዳለ በመገልበጥ አይደለም። የእንግሊዝኛ ሣጥን ከ26 ፊደላት አንዱን ይቀበላል። የእኛ ሣጥን ግን 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ ከሚገኙት 231 መካከል አንዱን መቀበል አለበት። ስለዚህ ሁለት ቃላት የሚገናኙበት ሣጥን ፊደሉ ብቻ ሳይሆን ቤቱም መግጠም ይኖርበታል፤ ወደ ጎን «ቢቸና» ብለን ከጻፍን ከመጀመሪያው ሣጥን ወደ ታች «ቢላዋ» ሊወርድ ይችላል፣ «በሬ» ግን አይወርድም። በአሜሪካው ዓይነት፣ 15 በ15 በሆነው፣ እያንዳንዱ ፊደል በጎንም በታችም ቃል ይሠራል፤ ይህን በአማርኛ መሞከር አዘጋጁን ማንም የማያውቃቸውን ቃላት እንዲሰበስብ ያስገድደዋል። ለእኛ የሚስማማው እንግሊዞች የሚጠቀሙበት ፈታ ያለው ዓይነት ነው፤ በዚያ ሁሉም ሣጥን መገናኛ አይደለም። እጅግ የሚረዳን ደግሞ ሳድስ ነው። ብዙ ስሞቻችን በሳድስ ስለሚያልቁ፣ «ደጀን» ያለቀበት «ን» «ንብ»ን ሊያስጀምር፣ «እንጨት»ን ከመካከሉ ሊይዝ፣ «ወይን»ን ሊዘጋ ይችላል።

ሞክሼ ፊደላት አስቀድሞ ካልተወሰኑ ግን ጨዋታው በጠብ ያልቃል። አንዱ «ዓባይ»፣ ሌላው «አባይ» ብሎ ቢጽፍ፣ ከዚያ ሣጥን የሚወርደው ቃል ላንደኛው ይፈርስበታል። ለብዙኃን በሚታተመው ላይ «ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደ አንድ ይቆጠራሉ» የሚል አንድ መስመር ከራስጌው ቢሰፍር ይሻላል እላለሁ። ለተማሪዎች ሲዘጋጅ ግን ትክክለኛው አጻጻፍ ይጠበቅ፤ ልጁ ፊደሉን በዓይኑ የሚያስቀረው እዚያ ላይ ነውና።

ፍንጩም ከባዕድ ቋንቋ ባይተረጎም እመርጣለሁ። በእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ የሚወጣው አስቸጋሪው ዓይነት ላይ ላዩን አንድ ነገር እየተናገረ ውስጡን ሌላ የሚሸሽግ ነው፤ ይህን ጥበብ እነ ዋሸራ፣ እነ ጎንጅና እነ ዲማ ሰምና ወርቅ ሲያስተምሩበት ለኖሩበት ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ለምሳሌ ከላይ ላነሣነው «ደጀን» እንዲህ ያለ ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል፦ «ዓባይን ተሻግሮ ለሚመጣ መንገደኛ መግቢያ፣ ለዘማች ግን የኋላ መከታ።» የቅኔ ቤት ልጆች እንዲህ ያለ ፍንጭ ቢጽፉልን ጨዋታው በእውነት የእኛ ይሆናል፤ እንቆቅልሽ ብለን «አገር ስጠኝ» ስንባባል ላደግን ሕዝብ ሩቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ እናቴ በቅርቡ ነገር እየረሱ ነው። መስቀለኛ ቃላት መሙላት መርሳትን ይከላከላል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነውን? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ይከላከላል ተብሎ የሚነገረው ከማስረጃው ያለፈ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት መጠነኛ የማስታወስ ችግር ያለባቸውን 107 ሰዎች ለ78 ሳምንታት ተከታትሎ፣ መስቀለኛ ቃላት የሞሉት ለአእምሮ ማሠልጠኛ የተሠሩ የኮምፒዩተር ጨዋታዎችን ከተጫወቱት በመጠኑ የተሻለ ውጤት እንዳሳዩ አሳውቋል። ምንም ያልተጫወተ ቡድን ለማነጻጸሪያ ስላልነበረ ግን ከዚህ ተነሥቶ ያድናል ማለት አይቻልም። እናትዎ ቢወዱት አብረዋቸው ይሙሉ፤ ማንበብ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ፍንጩን እርስዎ ያንብቡላቸው። መርሳቱ ግን የሚታከም ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ሐኪም ዘንድ መውሰዱን አያዘግዩ።

ጥያቄ፦ የ5ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ለጂኦግራፊ ትምህርት ራሴ ላዘጋጅላቸው ብዬ ገና ከጅምሩ ተቸገርሁ። ከየት ልጀምር? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ያለው የሒሳብ ደብተር ገጽ ይበቃዎታል። መጀመሪያ የቃላቱን ዝርዝር ያውጡና የጋራ ፊደል ያላቸውን ያጣምሩ፤ ፍንጭ መጻፍ የመጨረሻ ሥራ ነው። ረጅሙን ቃል በመካከል ያሳርፉ፦ «ባሕር ዳር» ወደ ጎን 5 ሣጥን ይይዛል፣ «ዓባይ» በ«ባ» ላይ ያቋርጠዋል። «ቢቸና» እና «ጣና» በ«ና» ይገናኛሉ። «ጮቄ»ን ከሌላ የቦታ ስም ጋር ማገናኘት ስለሚያስቸግር «ጮማ»ን ወይም «ቄጠማ»ን ይጨምሩላት፤ ከጂኦግራፊው ትንሽ መውጣት ነውር የለውም። ግሦችን ይቀንሱ፤ በሰውና በጊዜ ስለሚለዋወጡ ልጆቹ የትኛውን መልክ እንደሚጽፉ ይቸገራሉ። ካበቁ በኋላ ቃላቱን ላላየ ለአንድ ባልደረባዎ ሰጥተው ያስሞክሩ፤ እርሱ የቆመበት ሣጥን ላይ የሚስተካከለው ፍንጩ ነው።