«መስፈርቱን እኮ አሟልቻለሁ!»

ውድ ልጆቼ፣

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን እንባ እየተናነቃት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጹ ላይ የጻፈውን የመግቢያ ውጤት አምጥቻለሁ። መስፈርቱን እኮ አሟልቻለሁ! ታዲያ ለምን ከለከሉኝ?» አለችኝ። ያን ዕለት ማጽናናት ስለነበረብኝ ብዙ አላወራሁም። ለእናንተ ግን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። አመልካች በሚበዛበት አንድ ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ኮሚቴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ፋይል ሳነብ ኖሬያለሁ። ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ።

ድረ ገጽ ላይ የሚወጣው ውጤት መነሻው ነው። ከዚያ በታች ከሆናችሁ ዕድላችሁ የመነመነ ነው። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ደግሞ ፋይላችሁ በደንብ ይነበባል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሃርቫርድ በቅበላ አሠራሩ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2018 ጉዳዩ ችሎት ላይ ሲታይ ብዙ የውስጥ መረጃ አደባባይ ወጣ። በአንድ ዓመት ቅበላ ከአሜሪካ ውስጥ ካመለከቱት መካከል ከ8,000 በላይ የሚሆኑት የትምህርት ቤት ውጤታቸው አንድም እንከን አልነበረበትም። የነበረው ቦታ ግን 2,000 አይሞላም። ኦክስፎርድም በየዓመቱ ከ20,000 በላይ ሰው ያመለክትበታል፤ የሚገባው ከ4,000 በታች ነው። ሁሉም ጎበዝ በሆነበት ክምር ውስጥ ጉብዝና ብቻውን ማንን ከማን ይለያል?

እዚህ ላይ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት ነገር አለ። የእንግሊዝና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚፈልጉት አንድ አይደለም። እንግሊዞቹ የሚያዩት የመረጣችሁትን ትምህርት ነው። ፊዚክስ ካላችሁ ስለ ፊዚክስ ያነበባችሁትን፣ ያሰባችሁትን፣ ያልገባችሁን ንገሩን ይላሉ። የእግር ኳስ ቡድን አምበል መሆናችሁ ብዙም አይጠቅማችሁም። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ቃለ መጠይቅም ያው ነው። አይታችሁት የማታውቁት ጥያቄ ይቀርብላችኋል። መልሱ ሲጠፋችሁ መምህሩ ፍንጭ ይሰጣችኋል። እሱ የሚመዝነው በፍንጩ ምን እንደምታደርጉ ነው። ዝም ብሎ በልቡ የሚያስብ ልጅ እዚያ ይጎዳል፤ ጮክ ብላችሁ አስቡ። የአሜሪካዎቹ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ሰውየውን በሙሉ ማየት ይፈልጋሉ፤ ከክፍል ውጭ የሠራችሁትን፣ ጠባያችሁን፣ ያደጋችሁበትን ሁኔታ። ለአንዱ የተጻፈውን ድርሰት ለሌላው መላክ ትልቅ ኪሳራ ነው።

አሁን ስለ አንባቢው ልንገራችሁ። እኔ አንድን ፋይል ለማንበብ ብዙ ጊዜ ከ15 ደቂቃ በላይ አልነበረኝም። ከድርሰቱ በፊት የማየው የትምህርት ቤቱን መግለጫ ነው። ትምህርት ቤቱ ምን ምን ያስተምራል? እዚያ 85 ማምጣት ምን ማለት ነው? አንዳንድ ቦታ 85 የክፍሉ አንደኛ ነው፤ ሌላ ቦታ መካከለኛ ነው። መግለጫው ከሌለ በግምት ነው የምሄደው፤ ግምት ደግሞ ማንም ከማያውቀው ትምህርት ቤት ለመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ አያደላም። ስለዚህ ርዕሰ መምህራችሁን አስቸግሩ። የውጤት አሰጣጡን፣ ከክፍሉ ስንተኛ እንደሆናችሁ፣ ላቦራቶሪ ከሌለም እንደሌለ በአንድ ገጽ ይጻፉላችሁ። ይህን የሚያደርግ ተማሪ በጣም ጥቂት ነው። ያለ ላቦራቶሪ ኬሚስትሪ ተምሮ 90 ያመጣን ልጅ እኔ በሌላ ዓይን ነበር የማየው።

ድርሰቱስ? አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጣ በየጠዋቱ ዝናብ ትለካ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ። በአራተኛው ወር ጠርሙሱ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉን አየች። የአራቱን ወር ቁጥር በሙሉ ሰርዛ ከዜሮ ጀመረች። ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አያውቅባትም ነበር። ያን አንቀጽ ሳነብ ከወንበሬ ተነስቼ ወደ ባልደረባዬ ጠረጴዛ ሄድኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ሽልማት አልነበራትም። በዚያው ቀን ያየሁት ሌላ ፋይል ግን አሥራ አንድ ክበብ ተደርድሮበት ነበር፤ በአንዱም ውስጥ ልጁ ምን እንደሠራ አላገኘሁም። የክለብ ስም አታከማቹ። አንድ ነገር ያዙና እስከ ጥጉ ሂዱበት።

የመምህር የድጋፍ ደብዳቤም እንደዚሁ ነው። «ታታሪ፣ ሥነ ምግባር ያላት፣ ምስጉን ተማሪ» የሚል ደብዳቤ በሺህ የሚቆጠር አንብቤያለሁ። አንዱንም አላስታውስም። አንድ የሒሳብ መምህር ግን ተማሪው 100 ካገኘ በኋላ መጥቶ «ሰባተኛውን ጥያቄ ተሳስቻለሁ፤ እርስዎ አላዩትም» እንዳለው ጽፎ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን ሰው በማዕረጉ አትምረጡ። ዳይሬክተር ሆኖ ከማያውቃችሁ ሰው ይልቅ ደብተራችሁን ያየ መምህር ይሻላችኋል። ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ጠይቁት፤ የሠራችሁትንም አስታውሱት። መምህር ብዙ ተማሪ አለው፤ ይረሳል።

እስካሁን የጻፍኩት በእጃችሁ ያለውን ነው። ከዚህ በኋላ ያለው በእጃችሁ የለም፤ ግን ማወቅ አለባችሁ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ የሚመርጠው ተማሪ በተማሪ ብቻ አይደለም። በዚያ ዓመት አብረው የሚገቡትን ተማሪዎች ስብስብ በሙሉ ነው የሚያዘጋጀው። ሁሉም ኮምፒውተር ሳይንስ ከመረጠ ክላሲክስ፣ ማለትም የጥንት ግሪክና ሮም ጥናት፣ ማን ይማራል? ኦርኬስትራው ቫዮሊን ተጫዋች ካጣስ? ያን ዓመት የሚያስፈልገው ነገር ከእናንተ ጋር የማይገናኝ ሊሆን ይችላል። በዚያ በሃርቫርድ ክስ እንደታየው ስፖርተኞች፣ የቀድሞ ተማሪዎች ልጆችና የለጋሾች ቤተሰቦች የተሻለ ዕድል ነበራቸው። ይህ ፍትሕ አይደለም፤ እኔም ኮሚቴው ውስጥ ሆኜ ተናግሬበታለሁ። ኤምአይቲን (የአሜሪካውን የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም) የመሰሉ ደግሞ ወላጅህ እዚህ ተምሯል ወይ የሚለውን ጭራሽ ከግምት አያስገቡም።

ከሁሉ የሚከብደው የገንዘቡ ነው። የትምህርት ወጪ ድጋፍ ስትጠይቁ ጥያቄው ራሱ ውሳኔውን ሊነካው ይችላል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የውጭ አገር አመልካች መክፈል ይችላል አይችልም ሳይሉ ነው የሚወስኑት። አብዛኞቹ ግን እንደዚያ አይደሉም። ከማመልከታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፤ በኢሜይል ይመልሱላችኋል።

አንድ መጋቢት ላይ ሁለት ልጆች ቀሩን። በሁሉም ነገር እኩል ናቸው። አንደኛው ሙሉ ድጋፍ ይፈልጋል፤ የቀረን በጀት ደግሞ ለእሱ አይበቃም። ፋይሉ ላይ «ይግባ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ድምፅ ተሰጠ፤ ተሸነፍኩ። ልጁ የደረሰው ለሁሉም የሚላከው ደብዳቤ ነው፤ ብቁ አመልካቾች በዝተው ነው የሚል። ምናልባት ድርሰቱን ደጋግሞ እያነበበ «የቱ ጋ ነው ያበላሸሁት?» ብሎ ይሆናል። የትም አላበላሸም። ይህን ልነግረው አልችልም ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ብቻ ሕይወታችሁን አታንጠልጥሉ። በእርግጠኝነት ልትገቡበት የምትችሉትን፣ ደስ ብሏችሁ የምትማሩበትንም ጨምሩ። «ሰው አለን፣ እናስገባችኋለን» የሚላችሁ ደላላ ከመጣ ግን በሩን ዝጉበት። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ በዚህ ዓይነት የጉቦ መንገድ ከ50 በላይ ሰዎች ተከሰዋል፤ እስር ቤት የገቡ ወላጆችም አሉ።

የእህቴ ልጅ ለሚቀጥለው ዓመት እየተዘጋጀች ነው። ትናንት የፊዚክስ መምህሯን ሄዳ ደብዳቤ እንዲጽፍላት ጠየቀችው። «የአሥራ አንደኛ ክፍል ደብተርሽን ይዘሽ ነይ» አላት። ማታ ሲፈልጉት አመሹ፤ አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ አገኙት።