የጉልበት ማዕዘኑ ከጎኒዮሜትሩ ጋር አልገጥም ሲል

ጥያቄ፦ ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያገግሙ ታካሚዎች ሲራመዱ በስልክ ከጎን እቀርጻለሁ፤ ሰውነት ላይ ምልክት ሳልለጥፍ በሚዲያፓይፕ (የመገጣጠሚያዎችን ቦታ ከቪዲዮ በሚገምት ሶፍትዌር) የጉልበት ማዕዘን አወጣለሁ። ታካሚው ቆሞ ጎኒዮሜትሩ (የመገጣጠሚያን ማዕዘን በእጅ የምንለካበት መሣሪያ) 0፣ ማለትም ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቷል፣ ሲል ሶፍትዌሩ 8 ዲግሪ ይላል። ሲራመድ ደግሞ ግራፉ በድንገት ይዘላል። ሶፍትዌሩን ልቀይር?

መልስ፦ ገና አይቀይሩ። የ8 ዲግሪው ልዩነትና የግራፉ ዝላይ መነሻቸው ለየቅል ነው፤ ካሜራው በትክክል ካልቆመ ግን ሁለቱንም ለይቶ ማከም አይቻልም።

ስልኩን ማቆሚያ ላይ አድርገው በጉልበት ቁመት፣ ከመራመጃው መስመር 4 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያቁሙት። አቅጣጫው ለመስመሩ በትክክል 90 ዲግሪ ይሁን፤ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፦ ጭንና ቅልጥም እኩል 30 ዲግሪ ዘንበል ብለው ጉልበቱ 60 ዲግሪ ቢታጠፍ፣ በ30 ዲግሪ ዞሮ የቆመ ካሜራ 53 አድርጎ ያሳየዋል፤ በ45 የዞረ ደግሞ 44። በትክክል የቆመ ካሜራም ቢሆን 1.5 ሜትር ወደ ጎን ያለፈውን ታካሚ በ20 ዲግሪ ገደማ አግድሞ ነው የሚያየው። ስለዚህ ከካሜራው ፊት ለፊት የሚያልፉትን የመሃል እርምጃዎች ብቻ ይለኩ።

ሰፊውን ሌንስና የምስል ማረጋጊያውን አይጠቀሙ፤ አንዱ የምስሉን ጠርዝ ያጎብጣል፣ ሌላው ፍሬሙን ያንሸራትታል። በሴኮንድ 60 ፍሬም ይበቃል፤ የሻተር ፍጥነቱ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ግን 1/500 ሴኮንድ ይሁን። በሴኮንድ 3 ሜትር የሚወረወር እግር በ1/60 ሻተር 5 ሳንቲ ሜትር የደበዘዘ ጥላ ይተዋል፤ በ1/500 ከሆነ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ። ለዚህ ክፍሉ በቂ ብርሃን ይፈልጋል።

አሁን ወደ 8 ዲግሪው። ጎኒዮሜትር የሚይዘው በእጅ ዳስሰው ያገኙትን አጥንት ነው። ሶፍትዌሩ ግን መገጣጠሚያው የት እንዳለ ከምስል ይገምታል፤ ሰፊ ልብስ በተለይ የዳሌውን ነጥብ ያሳስተዋል። ጠበቅ ያለ ቁምጣ ያስለብሱ። በየቀጠሮው ታካሚውን 5 ሴኮንድ ቆሞ ይቅረጹት፤ በዚያው አቋቋም በጎኒዮሜትር ይለኩትና በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከግራፉ ይቀንሱ። አደራ፣ የቆመበትን ማዕዘን በጭፍን 0 አያድርጉት። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ታካሚ ከሆነ ዋናውን ችግር ደመሰሱት ማለት ነው።

ዝላዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እግር ለእግር ሲተላለፍ ነው፤ ሶፍትዌሩ ግራውን ቀኝ ይለዋል። የዘለለበትን ፍሬም ከፍተው ነጥቦቹን ቪዲዮው ላይ ይመልከቱ። ለካሜራው የቀረበውን እግር ብቻ ይመዝግቡ፤ ለሌላው ታካሚው በመልስ ጉዞ ይራመድ። ከአጠገቡ የቆመ ሰው እግርም ከታካሚው ይምታታል። ሊወድቅ የሚችል ታካሚን ግን ለቀረጻ ሲባል ብቻውን አይተዉት፤ ካሜራው በማይዘው በኩል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሆነው ይከተሉት።

የተሳሳቱትን ፍሬሞች መጀመሪያ ያውጡ። ክፍተቱ ከ5 ፍሬም ካልበለጠ በመስመር ይሙሉት፤ ከበለጠ እርምጃውን ይጣሉት። ከዚያ በኋላ ነው ባለ 4ኛ ደረጃ የባተርወርዝ ማጣሪያ (የግራፉን ፈጣን መንቀጥቀጥ የሚያለሰልስ ስሌት) በ6 ኸርዝ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚያልፈው። ቀድመው ካጣሩ ስህተቱ ተስተካክሎ እውነት ይመስላል።

የማዕዘን ለውጥ መሻሻል ነው ከማለትዎ በፊት ከ10 በላይ ታካሚዎችን በአንድ ቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ በመሃል ማቆሚያውን አንስተው እንደገና ይትከሉት። የሁለቱ ልኬቶች ልዩነት መደበኛ ልይይት (ልዩነቶቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚበታተኑ የሚያሳየው ቁጥር) በ1.96 ሲባዛ የዝግጅትዎ የስህተት ወሰን ይሆናል። ከዚያ በታች ያለ ለውጥ ታካሚው ፋይል ላይ እንደ ለውጥ አይጻፍ።

የጉልበት ወደ ውስጥ መግባትና የእግር መሽከርከር ከጎን በአንድ ካሜራ አይለኩም፤ ሚዲያፓይፕ የሚሰጠው የጥልቀት ቁጥርም ግምት ነው። እነዚህን ከፈለጉ ቢያንስ ሁለት ካሜራ፣ በዳማ ሰሌዳ መሰል ንድፍ ካሊብሬት ተደርጎ (ልኬቱ ተስተካክሎ)፣ እንደ ኦፕንካፕ ካለ፣ እንቅስቃሴን ከቪዲዮ በሦስት አቅጣጫ ከሚያሰላ ሥርዓት ጋር ያስፈልግዎታል።