አምስቱን ለማዳን አንዱን?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ መምህራችን ሁለት ጥያቄዎች አቀረቡልን። ፍሬኑ የተበላሸ ባቡር አምስት ሰዎች ወዳሉበት ሲገሰግስ፣ አንድ ሰው ብቻ ወዳለበት ሐዲድ ማዞር ይገባል ወይ ሲሉን አብዛኞቻችን «አዎ» አልን። አምስቱን ማዳን የሚቻለው ግዙፍ ሰው ከድልድይ ገፍትሮ ባቡሩ ፊት በመጣል ቢሆንስ ሲሉን ግን «በፍጹም» አልን። በሁለቱም አንድ ሞቶ አምስት የሚድን ከሆነ፣ ሐሳባችን እርስ በርሱ አይጋጭም?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ አይጋጭም። የባቡሩን ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሡት እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ፊሊፓ ፉት ሲሆኑ፣ ድልድዩን በኋላ ያመጡት አሜሪካዊቷ ጁዲት ጃርቪስ ቶምሰን ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው «ያ አንድ ሰው ቢያመልጥስ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። በሐዲዱ ላይ ያለው ሰው ዘሎ ቢያመልጥ አምስቱም ይድናሉ፣ እኛም እሰየው እንላለን፤ በድልድዩ ላይ ያለው ቢያመልጥ ግን ዕቅዱ ይከሽፋል፣ ምክንያቱም የተፈለገው ገላው ነው።

ነገሩ የክፍል ውስጥ ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 ሚኞኔት የተባለችው ጀልባ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሰጥማ አራት መርከበኞች ያለ መጠጥ ውኃ፣ በሁለት ጣሳ ምግብና በያዟት አንዲት ኤሊ ብቻ ለቀናት በትንሽ ታንኳ ተንሳፈፉ። በመጨረሻም ካፒቴኑ ደድሊና ባልደረባው ስቲቨንስ፣ የባሕር ውኃ ጠጥቶ የታመመውን የ17 ዓመቱን ሪቻርድ ፓርከር ገድለው ሥጋውን በሉ፤ ዕጣ አልተጣለም፣ ልጁም ፈቃዱን አልተጠየቀም። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ችግር ለነፍስ ግድያ መከላከያ አይሆንም ብሎ ሞት ፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ወደ ስድስት ወር እስራት ቢቀነስም፣ ዳኞቹ ያነሡት ጥያቄ ግን ዛሬም አልተመለሰም፦ የማን ሕይወት እንደሚያንስ የሚመዝነው ማን ነው? ለምን ከሁሉ ደካማው ተመረጠ?

«ለማንኛውም መሞቱ አይቀርም ነበር» የሚለውን መከራከሪያም የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 አልተቀበለውም። የተጠለፈና ለጥቃት የሚውል አውሮፕላን ከነተሳፋሪዎቹ ተመትቶ እንዲወድቅ የሚፈቅደውን ድንጋጌ፣ ንጹሐን መንገደኞችን እንደ ዕቃ ይቆጥራል በማለት ሽሮታል።

በእኔ እምነት ይልቅ እንደገና ልትመረምሩት የሚገባችሁ ፈጥናችሁ የሰጣችሁትን «አዎ» ነው። ቶምሰን ራሳቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ቆሞ የሚመለከት ሰው ባቡሩን የማዞር መብት አለው የሚለውን የቀድሞ አቋማቸውን ትተዋል፤ ለሌሎች ሲል የራሱን ሕይወት የመስጠት ግዴታ የሌለበት ሰው፣ የሌላውን ሕይወት በራሱ ውሳኔ እንዴት ይሰጣል ብለው ነው። ስለዚህ ለክፍል ጓደኞችዎ ሦስተኛ ጥያቄ ያቅርቡላቸው፦ ባቡሩን ወደ ራሳችሁ ማዞር ብትችሉ ኖሮ ታዞሩት ነበር?