የሊኑክስ ከርነል ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጫን ኮድ) ሪፈረንስ ሊክ የቸገራችሁ ጠይቁ፣ ማታውን አለሁ። ሪፈረንስ ሊክ ማለት ኦብጀክቱን ስትይዙ (ጌት) ቆጣሪው (ካውንቱ) ጨምሮ፣ መልቀቁ (ፑት) ሲረሳ ሳይቀንስ መቅረቱ ነው

ጥ፦ አርኤምሞድ (ሞጁል ማውረጃ ትእዛዝ) ስል "ኢን ዩዝ" ይለኛል፣ ማንም ግን አልከፈተውም። ምን ላርግ?

መ፦ ኤልኤስሞድ (የተጫኑ ሞጁሎችን የሚዘረዝር ትእዛዝ) በልና የሞጁልህን የተጠቃሚ ቁጥር እይ። ዜሮ ካልሆነና ከጎኑ የሌላ ሞጁል ስም ከሌለ ትራይ_ሞጁል_ጌት ብለህ ሞጁል_ፑት የረሳህበት ቦታ አለ። በግድ አወርደዋለሁ እንዳትል፣ ማሽኑን ነው የምትጥለው።

ጥ፦ ዲቫይስ ትሪ (ሃርድዌሩን በኖዶች የሚገልጽ ዛፍ) ድራይቨር ጽፌ "ኖዱ ሊክ ያደርጋል" ተባልኩ። ፎር_ኢች_ቻይልድ_ኦፍ_ኖድ (በልጅ ኖዶች ላይ የሚዞረው ሉፕ) ራሱ ፑት ያደርግ የለ እንዴ?

መ፦ ያደርጋል እህቴ፣ ግን ያለፈውን ልጅ የሚለቀው ወደሚቀጥለው ሲሻገር ነው። ሉፑ እስከ መጨረሻ ከሄደ ሰላም፣ መሀል ላይ ኤረር መጥቶ ሪተርን ወይ ብሬክ ካልሽ ግን በእጅሽ ያለው ኖድ ካውንቱ እንደጨመረ ይቀራል፣ ስለዚህ ከመውጣትሽ በፊት ኦፍ_ኖድ_ፑት በይው። እኔ ያየኋቸው ሊኮች አብዛኞቹ እዚችው "ኤረር ካለ ሪተርን" የምትለዋ መስመር ላይ ናቸው፣ ማን ቴስት ያደርጋታል? ደግሞ ተቃራኒውም አለ፣ ኖድ የሚፈልገው ኦፍ_ፋይንድ_ኮምፓቲብል_ኖድ መነሻ አርገሽ የሰጠሽውን ኖድ ራሱ ፑት ያደርገዋል፣ እኔ አንዴ ይሄን ሳላውቅ ሊክ አስተካከልኩ ብዬ ሁለተኛ ፑት ጨምሬ ዩዝ አፍተር ፍሪ (የተለቀቀ ሜሞሪ መጠቀም) ፈጥሬ አረፍኩት፣ አንድ ሳምንት በላኝ 😅 ከፈንክሽኑ በላይ ያለችውን ኮመንት አንብቢ።

ጥ፦ ፒኤም_ራንታይም_ጌት_ሲንክ (ዲቫይሱን ከእንቅልፍ የሚያስነሳው) ፌል ካደረገ ካውንቱ ይጨምራል?

መ፦ አዎ፣ ፌል ቢያደርግም ይጨምራል። ፒኤም_ራንታይም_ሪዙም_ኤንድ_ጌትን ተጠቀም፣ ከከርነል 5.10 ጀምሮ አለ፣ ሲከሽፍ ራሱ ይመልሰዋል።

ጥ፦ ትንሽ ሜሞሪ ብትፈስ ምን ይመጣል ግን?

መ፦ በፈረንጆች 2016 የወጣውን ሲቪኢ-2016-0728 (የሊኑክስ ከርነል የደህንነት ቀዳዳ) እይ። አንድ ፕሮሰስ የራሱን ሴሽን ኪሪንግ (የቁልፎች መያዣ) ደግሞ ጆይን ባደረገ ቁጥር አንድ ሪፈረንስ ትቀራለች፣ ቆጣሪው 32 ቢት ስለሆነ ደጋግመህ ስትጠራው ዞሮ ዜሮ ይገባል፣ ከርነሉ "ማንም አልያዘውም" ብሎ ፍሪ ያደርገዋል፣ ከዛ አጥቂው ሩት (ሙሉ ሥልጣን) ያገኛል። ከከርነል 4.11 ወዲህ ሪፍካውንት_ቲ የሚባል የቆጣሪ ዓይነት አለ፣ እሱ ሞልቶ ከመዞር ይልቅ እዛው ቆሞ ዋርኒንግ ይጥላል። በአቶሚክ_ቲ (ሞልቶ በሚዞረው ተራ ቆጣሪ) የምትቆጥሩ ቀይሩት።

ጥ፦ ኬሜምሊክ (የከርነሉ ሜሞሪ ሊክ ፈላጊ) ምንም አላሳየኝም።

መ፦ አያሳይህማ። እሱ የሚፈልገው ፖይንተር የማይጠቁመውን ሜሞሪ ነው፣ ያንተ ኦብጀክት ግን ሊስት ውስጥ ተንጠልጥሎ አለ። ጌትና ፑት ላይ ትሬስ_ፕሪንትኬ (ወደ ትሬስ ሎግ የሚጽፍ) አስገባና የኦብጀክቱን አድራሻ ከጠራው ፈንክሽን ጋር አስጽፈው፣ ፑት ያላገኘውን ጌት ቁጭ ብለህ ታጣምረዋለህ። ሎጉን ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።