ዝልዝል ጨርቅ፣ ያለ ንድፍ ኩዊልት

ጥያቄ፦ የተለያየ ቀለም ያላቸው ትርፍራፊ ጨርቆች አሉኝ። ንድፍ ሳላወጣ፣ እየዘለዘልኩና እየገጣጠምኩ ኩዊልት (ከላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ከመሃል ንጣፍ፣ ከታች ገበር ያለው ድርብ ልብስ) ልሰፋ አስቤያለሁ። ከምን ልጀምር? አዲስ ጨርቅስ መግዛት አለብኝ?

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ የጊስ ቤንድ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ያረጀ የሥራ ልብስ ሳይቀር እየቀደዱ የሰፏቸው ኩዊልቶች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል። ለመጀመሪያ ሥራ ግን የጨርቁ ዓይነት አንድ ቢሆን ይሻላል፤ የማይሳብ፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው ጥጥ ይምረጡ። ሹራብ መሰል ጨርቅ ከጥጥ ጋር ሲሰፋ አንዱ ይለጠጣል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል፤ ስፌቱም ይጨማደዳል። ሁሉንም አስቀድመው አጥበው ይተኩሱ። ደማቅ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ሲርስ በነጭ ጨርቅ ያሹት፤ ነጩን ካቀለመው፣ መልቀቁን እስኪያቆም ደጋግመው ይጠቡት።

መጀመሪያ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቁራጭ ይሥሩ። ለዚህ 45 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው 12 ዝልዝሎች ይበቃሉ። ስፋታቸው ከ3 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይለያይ። በመቀስ ብቻ፣ ያለ ማስመሪያ ይቁረጡ። አንዱ ጫፍ ከሌላው በ1 ወይም በ2 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ጥሩ ነው፤ የሥራው ሕይወት ያለው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ሰያፍ ከሆነ ግን የድርና የማጉን መስመር ስለሚለቅ ጠርዙ በእጅዎ ውስጥ ይሳባል።

ቁርጡ እንዳሻው ይሁን፣ ስፌቱ ግን ጥብቅ ነው። ከጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው፣ ከዳር እስከ ዳር ሳያዛንፉ ይስፉ። ከሁለቱም ወገን ሲቆጠር እያንዳንዱ ዝልዝል 12 ሚሊ ሜትር ያጣል፤ 3 ሴንቲ ሜትሩ 1.8 ሆኖ ይታያል። የስፌቱን እርምጃ፣ ማለትም መርፌው ከአንድ ውጊያ እስከ ሌላው የሚሄደውን ርቀት፣ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያሳጥሩት። ያለ ንድፍ የሚሰፋ ሥራ በየመሃሉ እንደገና ይቆረጣል፤ ሲቆረጥ ደግሞ ጫፉ ላይ የታሰረ ክር አይኖርም። ረጅም እርምጃ ከተቆረጠበት ይተረተራል፣ አጭሩ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ስምንት ዝልዝል ከገጠምኩ በኋላ ሥራዬ እንደ ቀስት ጎበጠ። ለምን?

መልስ፦ ሁሉንም ከአንድ ጫፍ ጀምረው ስለሰፉ ሳይሆን አይቀርም። የስፌት መኪናው ጥርሶች የታችኛውን ጨርቅ ይስባሉ፣ የላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል፤ በእያንዳንዱ ስፌት የሚፈጠረው ትንሽ ልዩነት ወደ አንድ ወገን ይጠራቀማል። አንዱን ከላይ ወደ ታች ከሰፉ ቀጣዩን ከታች ወደ ላይ ይስፉ። ከሁሉም የሚሻለው መጀመሪያ ሁለት ሁለቱን ማጣመር፣ ከዚያ ጥንዶቹን እርስ በርስ መግጠም ነው። መሃሉንና ሁለቱን ጫፎች በስፒል ይያዙ፤ ጨርቁን ከኋላ አይጎትቱት። የዝልዝሎቹ ሰፊ ጫፎች በአንድ ወገን ተሰልፈውም ከሆነ እንደ ማራገቢያ ይከፈታል፤ እያገላበጡ ይግጠሙ።

እያንዳንዱን ስፌት ሌላው ሳይጨመር ይተኩሱት፣ ትርፉንም ወደ ጠቆረው ጨርቅ ያስተኙት። ካውያውን ጫን አድርገው ያንሱ እንጂ አይግፉት፤ የሚገፋ ካውያ ጨርቁን ያጎብጣል።

የጎበጠውን መጣል ኃጢአት ነው። ዝልዝሎቹን አቋርጠው ለሁለት ወይም ለሦስት ይቁረጡትና በመሃል ሌላ ዝልዝል ያስገቡ። ጉብጠቱ በየቁራጩ ይቀንሳል፣ ሥራውም ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ይበልጥ ያምራል።

ጥያቄ፦ ቀለሞቹ ለየብቻ ያምራሉ፤ ሲገጠሙ ግን ይደበዝዛሉ።

መልስ፦ ቀለማቸው ቢለያይም ድምቀታቸው እኩል ነው ማለት ነው። በስልክዎ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያንሱት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ በጣም የነጣና በጣም የጠቆረ ይጨምሩ። አንድ ጠንካራ ቀለም፣ ለምሳሌ ቢጫ፣ በሦስት ቦታ በተለያየ ስፋት ይድገሙ። ጥቃቅን አበባ ያለባቸውን ጨርቆች ጎን ለጎን አያድርጉ፤ ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ ይለያያቸው።

ጥያቄ፦ ገበሩንስ እንዴት ላያይዝ?

መልስ፦ ማስመሪያው አሁን ይምጣ። የገጠሙትን 40 በ40 አስተካክለው ይቁረጡ። ገበሩንና መሃል የሚገባውን ስስ የጥጥ ንጣፍ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያስተርፉ፤ ለትልቅ ሥራ 10 ይሁን። ሦስቱን ደርበው በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በመርፌ ቁልፍ ይያዙ። ከመሃል ወደ ዳር፣ በ3 ሚሊ ሜትር እርምጃ፣ መስመሮቹን ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር አራርቀው ይስፉ። ከዳር ከጀመሩ ትርፉ ጨርቅ መሃል ላይ ይታጠፋል። ብዙ ስፌት የተደራረበበት ቦታ ሲደርሱ ፔዳሉን ትተው ጎማውን በእጅ ያዙሩ፤ መርፌ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ጠርዙን 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው፣ ለሁለት በታጠፈ ጨርቅ ይቀምቅሙት።